ወገቡ የሚታጠፍ ትራክተር በጓሮ ሲሠራ፦ ምኑ ይደነቃል፣ ምኑ ይተቻል?

መንገድ በሚሠራበት ቦታ አፈር የሚዝቀውን ቢጫ ሎደር ቆም ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው ስታገኙት ሲዞር ጎማዎቹን ልብ በሉ። እንደ መኪና የፊት ጎማዎቹ ለብቻቸው ወደ ጎን አይዞሩም። አራቱም ጎማዎች አክስላቸው ላይ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ማሽኑ ራሱ መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ልክ እንደ ጉንዳን፣ ሁለት ወፍራም አካል በአንድ ቀጭን ወገብ ተያይዞ።

ይህ ወገብ ከትልልቆቹ ማሽኖች ወርዶ የሰዎች ጓሮ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ የዕረፍት ቀናቸውን በብየዳ የሚያሳልፉ ሰዎች በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩ የጓሮ ትራክተሮችን ይፈልጋሉ፤ ሣር የሚያጭዱ፣ በረዶ የሚጠርጉ፣ ትንሽ ማረሻ የሚጎትቱ ጠንካራ ነገሮች ናቸው። ሁለቱን ይገዙና የኋላ ግማሻቸውን ቆርጠው ፊት ለፊት ያጋጥሟቸዋል። የሚወጣው ነገር አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ፣ መሃሉ የሚታጠፍ፣ ከአንድ ሰፊ አልጋ ብዙ የማይበልጥ ትራክተር ነው። ሩሲያ ውስጥም ተመሳሳይ ልማድ አለ። እነሱ የላዳና የሌሎች አሮጌ መኪናዎች አክስልና ካምቢዮ ይጠቀማሉ፤ ማሽኑንም «ፔሬሎምካ» ይሉታል፣ መሰበርን ከሚገልጽ ቃል የወጣ ስም ነው።

እኔ እነዚህን ማሽኖች እወዳቸዋለሁ። ፎቶና ንድፍ ካገኘሁ ሥራዬን ትቼ አያለሁ። ግን ስለ እነሱ በሚወራው ነገር ሁሌ ቅር ይለኛል። ሰው የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?»፣ «ጭቃ ይወጣል ወይ?»፣ «ቀለሙን እንዴት እንዲህ አሳመርከው?» ነው። ወገቡን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። እስቲ አስቡት፦ ሞተሩ የተገዛ ነው። አክስሉ የተገዛ ነው። ጎማው፣ ወንበሩ፣ መሪው ከሌላ ማሽን የመጣ ነው። ሠሪው በእርግጥ ራሱ ያሰበውና ራሱ የሠራው ነገር ወገቡ ነው። ታዲያ ሥራው መመዘን ያለበት በምኑ ነው? በወገቡ ከተመዘኑ ደግሞ ከማያቸው አብዛኞቹ አያልፉም። ጉዳዩ የውበት ቢሆን ዝም እል ነበር፤ የሚቀመጥበትን ሰው የሚገድለውም እዚያው ወገብ ላይ ያለ ስህተት ስለሆነ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን ለምን ይታጠፋል የሚለውን እንይ። የሚጎትት ጎማን ማዞር ከባድ ነው። ኃይል የሚያመጣው ሻፍት ጎማው ጋ ሲደርስ ከጎማው ጋር አብሮ መጠምዘዝ አለበት፤ ያ ማለት በያንዳንዱ ጎማ ሥር የሚታጠፍ የሻፍት መጋጠሚያ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበት ፒን፣ የሚያገናኙ ዘንጎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በቤት ውስጥ ይህን በትክክል መሥራት ለብዙ ሰው አይቻልም። ወገብ ሲኖር ግን ሁለት የማይዞሩ፣ ተራ የኋላ አክስሎች ይበቃሉ፤ መታጠፉ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ችግሩን ከአራት ጥግ አንሥቶ መሃል ማምጣት ነው ብልሃቱ። ይህን የገባው ሰው ግማሽ መሐንዲስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ መነሻቸው ከዚህ አይርቅም። በ1950ዎቹ ዋግነር የሚባል የኦሪገን አምራች ወገባቸው የሚታጠፍ ትራክተሮችን ይሠራ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ታሪክ ግን የስታይገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ወደ 1958 በተሻገረው የበረዶ ወቅት በሚኒሶታ ዳግላስና ሞሪስ ስታይገር የተባሉ ወንድማማቾች የወተት ላሞች በረት ውስጥ ከከባድ መኪና ዕቃዎች የራሳቸውን ትራክተር ሠሩ። በገበያ ላይ ያለው ትራክተር ለእርሻቸው አልበቃ ብሏቸው ነበር። ጎረቤቶች አይተው ለእኛም ሥሩልን አሉ፤ ሥራው እያደገ ሄዶ በ1969 ወደ ፋርጎ ከተማ ተዛወረ። ስሙ ዛሬም በኬስ አይኤች ትልልቅ ትራክተሮች ላይ ይታያል። በሌላው የዓለም ጥግ፣ ሌኒንግራድ ውስጥ፣ ኪሮቬትስ ኬ-700 በ1962 መሠራት ጀመረ፤ እሱም ወገቡ ይታጠፋል።

የጓሮ ሠሪዎች ይህን ታሪክ እንደ መመኪያ ያነሡታል፤ «ስታይገርም በበረት ነው የተጀመረው» ይላሉ። ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ይረሳሉ። ያ አካባቢ በጥንት ዘመን አጋሲዝ የተባለ ግዙፍ የበረዶ ዘመን ሐይቅ የተኛበት ነው፤ ሐይቁ ደርቆ የቀረው መሬት እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ስታይገር የሜዳ ልጅ ነው። ያንኑ ሐሳብ አሳንሶ ዳገትና ቦይ ባለበት ጓሮ ማምጣት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ እዚያ እንደርሳለን።

አሁን አንድ ሙከራ። ሁለት እኩል ካርቶን ቁረጡ። ጫፍና ጫፋቸውን ደርባችሁ በመርፌ አያይዟቸው፤ መርፌው ወገቡ ነው። በሌሎቹ ሁለት ጫፎች ላይ አክስሉን የሚወክል መስመር በወርዱ አስምሩ። አሁን እጠፉትና ሁለቱን መስመሮች በማስመሪያ ወደ ውስጠኛው በኩል አስረዝሟቸው። አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ትራክተሩ የሚዞረው ያቺን ነጥብ ነው። ከነጥቧ እስከ ሁለቱ አክስሎች መሃል ያለውን ርቀት ለኩ፤ እኩል ነው።

ቁጥር እናስገባ። በሁለቱ አክስሎች መካከል 1.4 ሜትር ያለው፣ ወገቡ ልክ መሃል ላይ የሆነ ትራክተር 40 ዲግሪ ሲታጠፍ ሁለቱም አክስሎች 1.92 ሜትር ሬዲየስ ባለው አንድ ክብ ላይ ይሄዳሉ። እንደ መኪና የፊት ጎማውን የሚያዞር፣ ርዝመቱ ያው የሆነ ትራክተር ጎማውን 40 ዲግሪ ቢያዞር የፊት አክስሉ መሃል 2.18 ሜትር፣ የኋላው 1.67 ሜትር ላይ ይዞራል። እዚህ ላይ የመጀመሪያ ትችቴ አለ። ወገቡ የሚታጠፍ ትራክተር «ባለበት ይዞራል» እየተባለ ይወደሳል። ስሌቱ ግን በእኩል ማዕዘን የተገኘው ጥቅም 26 ሳንቲ ሜትር ነው ይላል። የሚጎትት የፊት አክስል ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ስለማይዞር ልዩነቱ በተግባር ከዚህ ይሰፋል፤ ቢሆንም ተአምር አይደለም።

እውነተኛው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። በመኪናው ዓይነት የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ 30 ከመቶ የበለጠ መንገድ መሄድ አለባቸው (2.18ን ለ1.67 አካፍሉት)። አራቱም ጎማዎች በአንድ ሻፍት ከተያያዙ ፊትና ኋላ ይጣላሉ፤ አንዱ ሲሮጥ አንዱ ይጎተታል። ወገቡ መሃል ላይ ሲሆን ግን ሁለቱም አክስሎች እኩል መንገድ ስለሚሄዱ በመካከላቸው ተጨማሪ ዲፈረንሻል አያስፈልግም። የኋላው ጎማ የፊተኛውን ዱካ ይከተላል፤ በአትክልት መደብ መካከል ስትዞሩ የሚረገጠው ተክል ያንሳል። ይህ በጣም የሚያምር ነገር ነው። ሠሪዎቹ ግን ሞተሩን ለማስቀመጥ ቦታ ሲጠፋቸው ወገቡን ወደ ፊት ይገፉታል፣ ጥቅሙንም በገዛ እጃቸው ይጥሉታል። ወገቡ ከፊት አክስል 50፣ ከኋላው 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን በ40 ዲግሪ መታጠፍ የፊት ክቡ 2 ሜትር፣ የኋላው 1.85 ሜትር ይሆናል። 8 ከመቶ ልዩነት ነው። ለስላሳ አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ያልፈዋል። አስፋልት ላይ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ጥርሶቹና ሻፍቱ ናቸው።

ሻፍቱን ካነሣን ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ክሮቸራ አለ፤ ሁለት ሻፍቶችን አጥፎ የሚያገናኘው የመስቀል ቅርጽ ያለው ዕቃ። ብዙ ሠሪዎች አንድ ክሮቸራ ወስደው ልክ በወገቡ ፒን ትክክል ያስቀምጡታል። ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ ወገቡ የሚታጠፈው እዚያ፣ ሻፍቱም እዚያ። ግን አንድ ክሮቸራ ሲታጠፍ ኃይሉን በእኩል ፍጥነት አያስተላልፍም። 40 ዲግሪ ላይ የገባው ሻፍት በደቂቃ ሳይለዋወጥ 1000 ጊዜ ቢሽከረከር የሚወጣው ከ766 እስከ 1305 እየተለዋወጠ ይሽከረከራል፤ ያውም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የኋላው ጎማ ልሂድ ሲል የፊተኛው አንዴ ይቸኩላል አንዴ ይጎተታል። በዝግታ ስትሄዱ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ቆይቶ ክሮቸራው ይበላል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ሁለት ክሮቸራ፣ ከወገቡ ፒን እኩል ርቀት ፊትና ኋላ፣ ሹካዎቻቸው በትክክል ተስተካክለው። እያንዳንዱ 20 ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል፣ የአንዱን መቸኮል ሌላው ይመልሰዋል። ይህን ያደረገ ሠሪ ሳይ ባርኔጣዬን ባነሣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባርኔጣ አላደርግም እንጂ።

(በነገራችን ላይ ኃይሉን በቺንጊያ የሚያስተላልፉት ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው የገጠሙት አክስል በዚያው ቺንጊያ ሲነዳ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ተነሥቶ ማርሽ ሲገባ ሁለቱ ግማሾች እንደተጣሉ በሬዎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይጎትታሉ። ይህ ግን ስህተቱ ወዲያው ስለሚታይ ማንንም አይጎዳም። የምፈራው ዝም የሚለውን ስህተት ነው።)

ዝም የሚለው ስህተት እንዲህ ነው። ወገብ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። አንደኛው ወደ ግራና ቀኝ መታጠፍ፤ ይህ ለመዞር ነው። ሁለተኛው መጠማዘዝ ነው፤ የፊት ግራ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ የፊቱ ግማሽ ዘመም እንዲል፣ የኋላው ግን ሜዳው ላይ እንደተኛ እንዲቆይ። መጠማዘዝ የሌለው ወገብ ያለው ትራክተር ጉብታ ላይ አንድ ጎማው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ አራት ጎማ የሚጎትት ማሽን መሥራቱ ትርጉም ያጣል፣ ብየዳውም በጊዜ ይሰነጠቃል። ስታይገርም ኪሮቬትስም ሁለቱም እንቅስቃሴ ወገባቸው ላይ አላቸው። ከጓሮ ሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ለመጠማዘዣው የከባድ መኪና የጎማ ኩሽኔታ ከነቤቱ ይጠቀማሉ፤ ሸክም ለመቻል የተሠራ፣ ቅባት የሚያዝ፣ ርካሽ። ድንቅ ምርጫ ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ማቆሚያው ላይ። መጠማዘዣው ገደብ ከሌለው ሁለቱ ግማሾች እንዳይገለበጡ አይረዳዱም። እያንዳንዱ ግማሽ የሚቆመው በራሱ ሁለት ጎማና በወገቡ ላይ ብቻ ነው፤ ልክ እንደ በርጩማ ሦስት እግር። በርጩማ ላይ ስትቀመጡ ክብደታችሁን በሁለቱ እግሮች መካከል ወደ ውጭ ብትገፉ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። የግማሹ ክብደት ወደ ወገቡ በቀረበ ቁጥር ሦስት ማዕዘኑ ይጠብባል። ተራ ትራክተርም የፊት አክስሉ መሃሉ ላይ ስለሚወዛወዝ እንዲሁ ሦስት እግር ነው፤ ግን ክብደቱ የሚበዛው ሦስት ማዕዘኑ ሰፊ በሆነበት፣ በኋላ ጎማዎቹ አቅራቢያ ነው። የጓሮው ሠሪ ወንበሩን የት ያደርገዋል? ምቹ ስለሆነ ወገቡ አጠገብ። ስለዚህ መጠማዘዙ ከተወሰነ ዲግሪ እንዳያልፍ በሁለቱም ጎን የሚይዝ ወፍራም ብረት መበየድ አለበት። ያን ጊዜ አንዱ ግማሽ ሊገለበጥ ሲል ሌላውን ማንሣት ግድ ይሆንበታል። ሁለት ቁራጭ ብረት ናቸው። ብዙዎቹ ሥራዎች ላይ ፈልጌ አላየኋቸውም።

እሺ፣ ማቆሚያው አለ እንበልና፣ እንዲያውም መጠማዘዙ ጨርሶ ተቆልፏል ብለን ለሠሪው እናድላ። ከላይ የያዝነውን ትራክተር እንውሰድ። ማሽኑ 400 ኪሎ ግራም፣ የስበት ማዕከሉ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር፣ በግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል 90 ሳንቲ ሜትር። ነጂው 70 ኪሎ፣ ክብደቱ 95 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ ከወገቡ በላይ ተቀምጧል። የእያንዳንዱ ግማሽ ክብደት በአክስሉና በወገቡ እኩሌታ ላይ ነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የራሳችሁን አስገብታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።) ነጂው ሲወጣበት የስበት ማዕከሉ ወደ 52 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ጎን ብታዘነብሉት የሚገለበጠው 41 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። መጥፎ አይደለም።

አሁን 40 ዲግሪ እጠፉት። ካርቶናችሁን ተመልከቱ፤ ሁለቱን አክስሎች በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ የነበረው ወገብ ከመስመሩ ወደ ውጭ ወጥቷል። በእኛ ትራክተር 24 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ነጂውም አብሮ ይወጣል፣ የሁለቱ ግማሾች ክብደትም በከፊል ይከተላል። ተደምሮ የስበት ማዕከሉ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጨኛው ጎማዎች ይጠጋል። ጎማዎቹም ስለታጠፉ መቆሚያው ትንሽ ጠቧል። አሁን የሚገለበጥበት ማዕዘን 41 ሳይሆን 28 ተኩል ዲግሪ ነው። ትራክተሩ ያው ነው፣ መሬቱ ያው ነው፤ መሪው ብቻ ነው የዞረው።

ይህ ቆሞ ሳለ ነው። ሲሄድ ደግሞ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አለ፤ ክብደቱ የወጣውም ወደዚያው ወደ ውጭ ነው። ሁለቱ ይደመራሉ። ሒሳቡን ስትሠሩት ይህ ትራክተር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ያለ ምንም ዳገት፣ እስከ ጥግ ታጥፎ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ጎማው መሬቱን ከያዘለት ይገለበጣል። 12 ኪሎ ሜትር የዝግታ ሩጫ ፍጥነት ነው። የድሮው የጓሮ ትራክተር በራሱ ማርሽ ብዙ አይፈጥንም፤ የመኪና ካምቢዮ የገባበት ግን ይህን ፍጥነት በቀላሉ ያልፋል። ሠሪው ፍጥነቱን በኩራት ሲናገር የምደነግጠው ለዚህ ነው።

ለምን ታዲያ ስታይገር አልተገለበጠም? አንዱን ምክንያት ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፤ ሜዳው። ሌላው የሚገርም ነገር ነው፦ ማሽን ሲያንስ ሰው አያንስም። 7 ቶን በሚመዝን ትራክተር ላይ 70 ኪሎ ሰው አንድ መቶኛ ነው፤ የትም ቢቀመጥ ለውጥ የለውም። በ400 ኪሎ ማሽን ላይ ግን ከጠቅላላው ክብደት 15 ከመቶ ሰውየው ነው፣ ያውም ከሁሉም ከፍ ብሎ የተቀመጠው። ትልቁን አሳንሶ መቅዳት የማያስኬደው ለዚህ ነው። የጀርመኑ ሆልደርና የጣልያኑ ፓስኳሊ ለወይን እርሻና ለፍራፍሬ ረድፎች የሠሯቸውን ትንንሽ ወገብ ታጣፊ ትራክተሮች አይቼ ያደነቅኩትም በዚህ ነው። ዝቅ ያሉ፣ ጠባብ፣ መሬት ላይ የተኙ የሚመስሉ ናቸው። ቁመናቸው አያስፈራም፣ ፎቶ ላይ ጀግና አይመስሉም። ለትንሽ ማሽን ግን ትክክለኛው አርአያ እነሱ ናቸው። የጓሮ ሠሪዎቹ የሚቀዱት ደግሞ የግዙፎቹን መልክ ነው፤ ከፍ ያለ ጎማ፣ ከፍ ያለ ወንበር፣ ቀጥ ያለ የጭስ ማውጫ።

የትራክተር መገልበጥ በእርሻ ሥራ ላይ ሰው ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል ቅስት ብረት እንዲኖረው በሕግ አስገደደች፤ ሞቱ በጣም ቀነሰ። ዛሬ ፋብሪካዎች ይህን ብረት ደቅነው፣ ጨቁነው፣ አጣመው ሳይፈትኑ አይሸጡም። ጓሮ ውስጥ ያለው ሠሪ አንድ ቱቦ አጥፎ ከወንበሩ ኋላ ቢበይድ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ቀበቶ ከሌለው ግን ብረቱ ራሱ የሚመታው ነገር ሊሆን ይችላል። ቅስቱ የሚሠራው ሰውየው ውስጡ ከቆየ ብቻ ነው። ቀበቶ ያለው በቤት የተሠራ ትራክተር ስንት አይቻለሁ? በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር፣ ጣትም ይተርፋል።

ስለ መሪው አጭር ነገር ልበል። ወገቡን የሚያጥፈው ብዙ ጊዜ የሃይድሮሊክ ፒስተን ነው። በአንድ ጎን አንድ ፒስተን ብቻ ካስቀመጣችሁ ወደ አንዱ አቅጣጫ በፍጥነት፣ ወደ ሌላው በዝግታ ይዞራል፤ ምክንያቱም በአንዱ በኩል ዘንጉ ለዘይቱ የሚሆነውን ቦታ ይይዝበታል። 50 ሚሊ ሜትር ውስጡ፣ 25 ሚሊ ሜትር ዘንጉ ለሆነ ፒስተን ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ነው። በግራና ቀኝ ሁለት አድርጎ ቱቦዎቻቸውን በመስቀል ማገናኘት ነገሩን እኩል ያደርገዋል። ከዚህ የሚብሰው በመታጠፊያው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሲታጠፍ እንደ መቀስ ይዘጋል። እውነተኛ ሎደር ወገቡ አካባቢ ሰው ሲጨፈለቅ የሚያሳይ ምልክት ተለጥፎበታል፣ ለጥገና ሲቆም ወገቡን የሚቆልፍ ብረትም አለው። ጓሮ ውስጥ ልጅና ውሻ በሚዞርበት ቦታ ለሚሠራ ማሽን ይህ ብረት ከሞተሩ ቀድሞ ሊታሰብ ይገባ ነበር።

ወደ እኛ ስመጣ፣ ያው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ላዳ ታክሲ ስንት ዓመት ሲያመላልሰን ኖሯል፤ ሩሲያዎቹ የሚጠቀሙበት አክስል የእኛም በያጅ በደንብ የሚያውቀው ዕቃ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዲፈረንሻል፣ ክሮቸራና ኩሽኔታ መርጦ፣ ቶርኖ ቤት ፒኑን አስቆርጦ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት የሚችል ወጣት እንዳለ አልጠራጠርም። ብልሃት አያንሰውም። የሚያሳስበኝ ማሳው ነው። ደጋው ላይ ብዙው ማሳ ተዳፋት ነው፤ በተዳፋት ላይ በጎን እየሄዳችሁ ወደ ዳገቱ ስትዞሩ ወገቡ የሚወጣው ወደ ቁልቁለቱ ነው። የቅድሙ 28 ተኩል ዲግሪ ላይ መሬቱ ራሱ 15 ዲግሪ ቢወስድ ምን እንደሚተርፍ ቀንሱና እዩት። ያን ትራክተር የሚያስብ ሰው ወንበሩን ከወገቡ አርቆ ከአክስሉ በላይ ዝቅ አድርጎ ቢያስቀምጥ፣ የመታጠፉን ማዕዘን ከ40 ወደ 30 ቢቀንስ፣ ጎማዎቹን ወደ ጎን ቢያሰፋ ብዙ ያተርፋል። በ30 ዲግሪ ሬዲየሱ 2.6 ሜትር ይሆናል። ለመዞር ትንሽ ቦታ ይፈልጋል፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ለማየት ትራክተር አያስፈልጋችሁም። የሚገለበጥበት ማዕዘን የሚወሰነው በቅርጽና በክብደት አቀማመጥ እንጂ በትልቅነት አይደለም፤ ስለዚህ አንድ አሥረኛ አሳንሳችሁ በእንጨት ብትሠሩት ያው ማዕዘን ይወጣል። በአክስሎቹ መካከል 14 ሳንቲ ሜትር፣ በጎማዎቹ መካከል 9። ወገቡ አንድ ሚስማር ይሁን፣ ጠበቅ ያለ። አሮጌ ባትሪ ድንጋዮችን ለክብደት እሰሩበት፣ ከጠቅላላው ክብደት 15 ከመቶ የሚሆን አንድ ነገር ደግሞ ከወገቡ በላይ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ እሱ ነጂው ነው። ሸካራ ሳንቃ ላይ በጎኑ አቁሙት፣ ሳንቃውን ቀስ እያላችሁ አንሡ፣ ማዕዘኑን በስልካችሁ ለኩ። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ዲግሪ እያጠፋችሁ፣ ሁሌም የወጣው ወገብ በቁልቁለቱ በኩል እንዲሆን። ከዚያ ነጂውን ከወገቡ አንሥታችሁ ከኋላ አክስሉ በላይ አድርጉትና ደግማችሁ ሞክሩ።